በ200 ባርና በ250 ዲግሪ የሚሠራ የመፈተሻ ሴል፦ አሠራሩና ሲያስቸግር መፍትሔው

የሚደርሰኝ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። "ቀዝቃዛ እያለ 200 ባር ይዞ ያድራል፤ ማሞቅ ስንጀምር ግን ያፈሳል።" ወይም ደግሞ "ሂተሩን ካበራን ብዙም ሳይቆይ ግፊቱ ከቁጥጥር ወጣ።" ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ቦታ ነው። ሰው ለግፊቱ በደንብ አስቦ ይሠራል፤ ሙቀቱን ግን ኋላ ላይ እንደሚጨመር ነገር ያየዋል። በዚህ ሥራ ላይ ዋናው አስቸጋሪ ሙቀቱ ነው። ውሃውን ያሳብጣል፣ ብረቱን ያደክማል፣ የብሎኑን ውጥረት ይቀይራል፣ ጎማውን ያበስላል።

እዚህ የምጽፈው የቫልቭ ፓኪንግ፣ የጋስኬትና የትንንሽ ፊቲንግ ናሙናዎችን በሙቅ ውሃ ውስጥ ለመፈተን ስለሚሠራ ሴል፣ ማለትም ወፍራም ግድግዳ ስላለው የተዘጋ የብረት ዕቃ ነው። የውስጡ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 300 ሚሊ ሜትር ነው። 590 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። ጣሪያው 200 ባርና 250 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የእናንተ ሴል መጠን ከተለየ ቁጥሮቹን እንደገና አስሉ፤ እነዚህን አትገልብጡ።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይያዝልኝ። ስሌታችሁን ሌላ መሐንዲስ ሳያየው ብረት አትቁረጡ። በአገሩ ሕግ የግፊት ዕቃ መርማሪ የሚያስፈልግ ከሆነም እሱን ቀድማችሁ ጥሩ።

## ደረጃ 1፦ ብረት ከመቁረጥ በፊት ማስላት

1.1 ግድግዳው። ስስ ለሆነ ቱቦ የምንጠቀምበት ቀላል ቀመር እዚህ አይሠራም። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ትልቁ ጭንቀት (ብረቱ በስፋቱ ልክ የሚሸከመው ኃይል) ያለው በውስጠኛው ገጽ ላይ ነው። እንዲህ አስሉት፦ የውጭውን ራዲየስ ስኩዌር በግፊቱ አባዙ፣ ውጤቱን በ2 አባዙ፣ ከዚያ በሁለቱ ራዲየሶች ስኩዌር ልዩነት አካፍሉ። የውጭው ስፋት 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን ራዲየሶቹ 50 እና 25 ናቸው። 200 ባር ማለት 20 ሜጋ ፓስካል ነው። ውጤቱ 53 ሜጋ ፓስካል ገደማ ይመጣል።

አሁን ብረቱን እዩ። 316 ስቴንለስ ስቲል በክፍል ሙቀት ቢያንስ 205 ሜጋ ፓስካል ላይ መለጠጥ ይጀምራል። በ250 ዲግሪ ግን ይህ ቁጥር ወደ 140 አካባቢ ይወርዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ካታሎጉ ላይ ያለውን የቀዝቃዛ ቁጥር ይዞ ይሄዳል። በ140 ስናሰላው 2.6 እጥፍ ያህል መጠባበቂያ ይቀራል። ይበቃል። በ205 አስልታችሁ ልክ 2.6 እንዲመጣ ግድግዳውን ብታሳንሱት ግን ሲሞቅ የሚቀራችሁ 1.8 ብቻ ነው።

ሴሉን ከድፍን ብረት በቶርኖ አስወጡት። ቱቦ ላይ ወለል በየዳ አትለጥፉ። ብየዳው ቢያምርም ውስጡን በራጅ ሳታዩ 200 ባር አታምኑትም።

1.2 ክዳኑን የሚገፋው ኃይል። ስሌቱ የሚሠራው በማሸጊያው የውጭ ስፋት ነው እንጂ በሴሉ ውስጣዊ ስፋት አይደለም። ውሃው እስከ ማሸጊያው ድረስ ገብቶ ይገፋል። በ50 ሚሊ ሜትር ብታሰሉ 4 ቶን ይመጣል። ማሸጊያው 60 ሚሊ ሜትር ላይ ከተቀመጠ ግን ትክክለኛው 5.8 ቶን ያህል ነው። ልዩነቱ ከአንድ ትንሽ መኪና ክብደት ይበልጣል።

1.3 ብሎኖቹ። ብሎኑ መቻል ያለበት የሥራውን ግፊት ብቻ አይደለም፤ በደረጃ 4 የምታደርጉትን የቀዝቃዛ ፈተናም ጭምር ነው። ያ ፈተና እዚህ 390 ባር ይደርሳል። ክዳኑን የሚገፋው ኃይል ያን ጊዜ ወደ 110 ኪሎ ኒውተን ይወጣል። ማሸጊያውን ጨብጦ ለመያዝ ግማሽ ጨምሩበት፤ 165 ኪሎ ኒውተን። ለ8 ብሎኖች ስታካፍሉት ለእያንዳንዱ 20.7 ይደርሳል።

ኤም 16 ብሎን ከተጠቀማችሁና ጥርሱ በደንብ ከተቀባ፣ የማጥበቂያው ልክ 50 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ሳይቀባ ከጠበቀ ግን በዚያው 50 ኒውተን ሜትር ብሎኑ የሚያገኘው ውጥረት ከሚፈለገው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ይሆናል። ቀሪውን ሰበቃው ይበላዋል። ስለዚህ ቅባቱ ከስሌቱ አይነጠልም።

## ደረጃ 2፦ ዕቃ መምረጥ

2.1 ማሸጊያ። ሴሉ ሲሞቅ የሚያፈስባቸው ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ጥቁር ኦሪንግ ሁሉ አንድ አይደለም።

- ናይትራይል ጎማ ከ100 ዲግሪ በላይ ብዙ አይቆይም።
- ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ሙቅ ውሃን በደንብ ይችላል፤ እስከ 150 ዲግሪ ያህል። የማዕድን ዘይት ከነካው ግን ያብጣል። ግሪስ እንዳታስነኩት።
- ቫይተን እስከ 200 ዲግሪ ይባላል። ይህ ግን በደረቅ አየርና በዘይት ውስጥ ነው። የተለመደው ቫይተን በሙቅ ውሃና በእንፋሎት ውስጥ ቶሎ ይበላሻል።
- ቴፍሎን 260 ዲግሪ ይችላል፤ ግን በጭነት ሥር ቀስ ብሎ ይፈሳል፣ ይሳሳል። ዛሬ የጠበቀው ነገ ይላላል።

ስለዚህ ለዋናው ክዳን የግራፋይት ቀለበት ተጠቀሙ። ዙሪያውን በተዘጋ ጉድብ ውስጥ ይቀመጥ። እኔ በ52 እና በ60 ሚሊ ሜትር መካከል የተቀመጠ ቀለበት ነው የምመርጠው። መዳብም ይሠራል፤ ነገር ግን ከግራፋይት በጣም የሚበልጥ የብሎን ኃይል ይፈልጋል። ከላይ ያሰላነው 165 ኪሎ ኒውተን ለ390 ባሩ ፈተና አይበቃውም።

ኦሪንግ የምትገዙት ከመርካቶ ከሆነና ማሸጊያው ላይ ምንም ካልተጻፈ፣ ቀለሙን አይታችሁ አትወስኑ። መዝኑት። ቫይተን ከባድ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 1.8 ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ናይትራይል ከዚያ በብዙ ይቀላል። አቃጥላችሁ ለመለየት በፍጹም አትሞክሩ። ቫይተን ሲቃጠል የሚወጣው ሃይድሮጂን ፍሎራይድ ሳንባንም ቆዳንም ይጎዳል። ሴል ውስጥ ጠቁሮ የተጣበቀ ቫይተን ካገኛችሁም በባዶ እጅ አትንኩት።

2.2 ብሎን። ተራውን 8.8 ብሎን ለ250 ዲግሪ አትጠቀሙ፤ ለዚህ ሙቀት አልታሰበም። ቢ7 የሚባለውን የቅይጥ ብረት ብሎን ፈልጉ። ጥርሱን አንቲሲዝ የሚባለውን የኒኬል ቅባት ቀቡት። ስቴንለስ በስቴንለስ ላይ ሳይቀባ ከጠበቀ ይነካከስና ዳዶው አይፈታም፤ የመጨረሻው መፍትሔ መጋዝ ይሆናል።

2.3 ውሃ። የተጣራ ውሃ ብቻ። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ከ60 ዲግሪ በላይ በሞቀና በተወጠረ ስቴንለስ ላይ ስንጥቅ ያመጣል። ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ሳይታይ ይቆያል።

ለምን ውሃ እንጂ ናይትሮጂን አይሆንም የሚሉኝ አሉ። በ200 ባር 1 ሊትር ጋዝ የሚይዘው ጉልበት በዚያው ግፊት ካለ 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ጋዝ ሲያመልጥ ይፈነዳል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያመልጥ ያንጠባጥባል። ይህ ግን ለቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው። 200 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ በድንገት ከተለቀቀ አንድ አምስተኛው ያህል ወዲያው እንፋሎት ይሆናል።

2.4 ጌጅና ሴንሰር። ጌጁ እስከ 400 ባር የሚያሳይ ይሁን፤ 200 መሐል ላይ ይውላል። ለቀዝቃዛው ፈተና እስከ 600 የሚያሳይ ተውሳችሁም ቢሆን አምጡ። የግፊት ሴንሰሮች አብዛኞቹ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፉም። ስለዚህ ሴሉ ላይ በቀጥታ አትግጠሙት። 1 ሜትር ያህል ቀጭን ያልተሸፈነ ቱቦ አስረዝሙለት። በቱቦው ውስጥ የቆመው ውሃ ራሱ ይቀዘቅዛል።

## ደረጃ 3፦ መስመሩንና መብራቱን መዘርጋት

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

1. ከፓምፑ ቀጥሎ መመለስ የሚከለክል ቫልቭ፣ ከዚያ መዝጊያ ቫልቭ፣ ከዚያ ሴሉ።
2. ከሴሉ ከፍተኛ ነጥብ ላይ የአየር ማስወጫ።
3. ከሴሉ የሚወጣው ውሃ በመጀመሪያ በባልዲ ውሃ ውስጥ በተጠመጠመ ቱቦ ይለፍ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ መርፌ ቫልቭ ይምጣ። ቫልቩ ከፊት ከሆነ ሙቅ ውሃው ቫልቩ ውስጥ እየፈላ መቀመጫውን ይበላዋል።
4. የደኅንነት ቫልቭ በ220 ባር። ከሴሉ እስከ ደኅንነት ቫልቩ ድረስ ምንም መዝጊያ አይኑር። መውጫው ሰው ወደሌለበት ይዙር።
5. ሁለት ቴርሞካፕል (ሙቀት የሚለካ ባለ ሁለት ሽቦ ሴንሰር)። አንዱ ውሃው ውስጥ፣ ሌላው ግድግዳው ላይ ከሂተሩ አጠገብ።

ሂተሩን አታግዝፉት። ሴሉ ከነክዳኑ 30 ኪሎ ቢመዝን በሁለት ሰዓት ውስጥ 250 ለማድረስ ብረቱ 480 ዋት ገደማ፣ ውሃው 70 ዋት ያህል ይፈልጋል። ወደ ውጭ የሚጠፋውን ጨምራችሁ 1000 ዋት ይበቃል። 3000 ዋት የሚገጥሙ አያለሁ። እሱ ሥራ አያፋጥንም፤ የሚያመጣው ከልኩ አልፎ መሄድን ነው።

መቆጣጠሪያው ሶሊድ ስቴት ሪሌይ (ተንቀሳቃሽ ክፍል የሌለው የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ) ቢጠቀም ጥሩ ነው። ግን ሶሊድ ስቴት ሪሌይ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ፣ ማለትም መብራት እያሳለፈ ይቀራል። ስለዚህ ከኋላው ለብቻው የሚሠራ ኮንታክተር (በመብራት የሚሠራ ትልቅ ማብሪያ) ግጠሙ። የግድግዳው ቴርሞካፕል 280 ሲደርስ፣ ወይም ግፊቱ 210 ሲደርስ ይቁረጥ። ኮንታክተሩ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በራሱ እንዳይነሳ፣ ሰው ቁልፉን ተጭኖ እንዲያስነሳው አድርጉ። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ይህ የቅንጦት ነገር አይደለም።

ሴሉን ከ6 ሚሊ ሜትር ያላነሰ የብረት ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። ጌጁና ቫልቮቹ ከሳጥኑ ውጭ ይሁኑ። ክዳኑ ወደ ሰው አይዙር።

## ደረጃ 4፦ መግጠምና በቀዝቃዛው መፈተን

1. የማሸጊያውን ጉድብ በብርሃን እዩ። ከመሐል ወደ ውጭ የሚሄድ ጭረት ካለ ወደ ቶርኖ ይመለስ። ክብ ጭረት ይታለፋል፤ ቀጥታ ጭረት ግን የውሃ መንገድ ነው።
2. አዲስ የግራፋይት ቀለበት አስገቡ። ያገለገለ አይመለስም።
3. ብሎኖቹን በኮከብ ቅርጽ፣ ማለትም ከአንዱ ወደ ትይዩው እየዘለላችሁ አጥብቁ። መጀመሪያ 15፣ ከዚያ 30፣ ከዚያ 50 ኒውተን ሜትር። በመጨረሻ ዙሩን አንድ በአንድ በ50 ዙሩት።
4. ከታች በኩል ውሃ ሙሉ። ከላይ አረፋ የሌለው ውሃ እስኪወጣ ጠብቁ። ሴሉን በእንጨት መዶሻ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት፤ የተደበቀ አየር ይወጣል።
5. የደኅንነት ቫልቩን አውጡና ቦታውን ድፈኑ። ፓምፑ እጀታ ላይ "ደኅንነት ቫልቭ ወጥቷል" የሚል ወረቀት እሰሩ። ተረስቶ ሳይመለስ የሚቀር ዕቃ እሱ ነው።
6. የፈተናውን ግፊት አስሉ፦ የሥራው ግፊት በ1.3፣ ከዚያ ደግሞ ብረቱ ቀዝቃዛ እያለና ሲሞቅ በሚፈቀድለት ጭንቀት ንጽጽር ተባዝቶ። እዚህ ንጽጽሩን 1.5 ወስደን 390 ባር ይመጣል።
7. በ100፣ በ200፣ በ300 እያቆማችሁ ውጡ። 390 ላይ 30 ደቂቃ ያዙ። በዚያ ጊዜ ማንም ወደ ሳጥኑ አይቅረብ። ለማየት የምትቀርቡት ወደ 200 ከወረደ በኋላ ነው።
8. ግፊቱን ወደ ዜሮ አውርዱ፣ የደኅንነት ቫልቩን መልሱ፣ ወረቀቱን አንሱ።

አየር መኖሩን በምን ታውቃላችሁ? 590 ሚሊ ሊትር ውሃ ከዜሮ ወደ 200 ባር ለመድረስ የሚፈልገው ተጨማሪ ውሃ 5.5 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ፓምፑ በአንድ ምት ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሰጥ ለኩና ምቱን ቁጠሩ። ለቱቦዎቹ ትንሽ ጨምሩ። እጥፍና ከዚያ በላይ ከፈጀ ውስጥ አየር አለ። አቁሙና እንደገና አስወጡ።

ጠዋት መጥታችሁ ግፊቱ ቢወርድስ? ወዲያው "ያፈሳል" አትበሉ። በክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ ለውጥ ከ3 እስከ 4 ባር ይቀይራል። ሌሊቱን 3 ዲግሪ ከቀዘቀዘ 10 ባር መውረዱ የተጠበቀ ነው። ማታ ግፊቱን ብቻ ሳይሆን ሙቀቱንም የምትጽፉት ለዚህ ነው።

## ደረጃ 5፦ ማሞቅ

እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ሴሉን በቀዝቃዛ ውሃ ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ፣ በዜሮ ግፊት ሁሉንም ቫልቭ ዘግታችሁ ብታሞቁት ምን ይሆናል? ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ብቻ ሲደርስ 200 ባር ይሞላል። 50 ዲግሪ ማለት እጅ የሚነካው ሙቀት ነው። ውሃ በትንሹም ሲሞቅ ያብጣል፤ መሄጃ ካጣ ብረቱን ይገፋል። ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። በ50 ዲግሪ አካባቢ እያንዳንዱ ዲግሪ 9 ባር ያህል ይጨምራል፤ በ100 አካባቢ 14 ባር። በደቂቃ 2 ዲግሪ ብታሞቁ እንኳ በደቂቃ 28 ባር ነው።

እኔ የሠራሁበት አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ይህ ደርሷል። የሥራ ባልደረባዬ ናሙናው እንዳይበላሽ አስቦ መውጫውን ዘጋና ስልክ ሊያነሳ ወጣ። ሂተሩ ይሠራ ነበር። ያዳነን የደኅንነት ቫልቩ ነው። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሂተር በርቶ ሰው ከቦታው አይነሳም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

1. ቀዝቃዛ እያለ ግፊቱን ወደ 100 ባር አድርሱ። የፓምፑን መዝጊያ ዝጉ።
2. የመውጫውን መርፌ ቫልቭ ዝግጁ አድርጉ። ከሥሩ ሚሊ ሊትር የተጻፈበት መለኪያ ሲሊንደር አስቀምጡ። የሚወጣው ውሃ ይለካል።
3. ሂተሩን አብሩ። በደቂቃ ከ2 ዲግሪ አይለፍ። 250 ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ወፍራም ግድግዳ በፍጥነት ሲሞቅ አንዱ ገጽ ቀድሞ ያብጣል፣ ብረቱ በራሱ ይወጠራል።
4. ግፊቱ 150 ሲደርስ መርፌ ቫልቩን በትንሹ ክፈቱና ወደ 120 አውርዱ። ዝጉ። ይህን እየደጋገማችሁ ውጡ። ከ60 ባር በታች እንዳይወርድ ተጠንቀቁ፤ 250 ዲግሪ ላይ ውሃ ከ40 ባር በታች ይፈላል።
5. 240 ሲደርስ ማስወጣት ቀንሱ፤ ግፊቱ ወደ 200 ይጠጋ። 250 ላይ አረጋጉት።
6. ሲሊንደሩን እዩ። ከ590 ሚሊ ሊትር ሴል 110 ሚሊ ሊትር ያህል መውጣት አለበት። የተነሳችሁት ከዜሮ ሳይሆን ከ100 ባር ከሆነ በ3 ሚሊ ሊትር ቢበልጥ አትጨነቁ። 50 ብቻ ወጥቶ ሙቀቱ 250 የሚል ከሆነ አንዱ ይዋሻል፤ ወይ ሴሉ ውስጥ አየር አለ፣ ወይ ቴርሞካፕሉ ውሃውን ሳይሆን ግድግዳውን እየለካ ነው፣ ወይ ሌላ ቦታ እያፈሰሰ ነው። ሂተሩን አጥፉና አጣሩ።

ይህን ሴል "ትንሽ ብቻ" ብላችሁ ወደ 300 አታስገቡት። እንደ አሉቶ ላንጋኖ ላሉ የጂኦተርማል ጉድጓዶች የሚሆን ዕቃ ለመፈተን ከ300 ዲግሪ በላይ መሄድ ያስፈልጋል፤ እሱ ግን ከደረጃ 1 ጀምሮ ሌላ ስሌት ነው።

## ደረጃ 6፦ ማቀዝቀዝና መክፈት

1. ሂተሩን አጥፉ። ኢንሱሌሽኑን አታውልቁ፣ ውሃም አታፍስሱበት።
2. ሲቀዘቅዝ ውሃው ይሸበሸባል፤ ግፊቱም በፍጥነት ይወርዳል። ከ60 ባር በላይ እንዲቆይ በፓምፑ ቀስ እያላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ። ይህ የምትፈትኑት ናሙና በድንገት እንፋሎት እንዳይመታው ነው።
3. 80 ዲግሪ ሲደርስ ግፊቱን ወደ ዜሮ አውርዱ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። መጽሐፉ 100 ስለሚል 95 ላይ ብትከፍቱ የፈላ ውሃ ይረጫችኋል።
4. ዜሮ እንደደረሰ የላይኛውን አየር ማስወጫ ክፈቱ። ተዘግቶ ከቀረ ሴሉ ውስጡ ባዶ እየሆነ ከባልዲው በኩል ቆሻሻ ውሃ መልሶ ይስባል፣ ክዳኑም ይነክሳል።
5. 40 ዲግሪ እስኪደርስ ብሎን አትንኩ። ሲፈታም ሁሉንም በግማሽ ዙር አላሉ፣ ክዳኑን በጎን ወዝውዙ፣ የታፈነ ግፊት እንደሌለ አረጋግጡ፣ ከዚያ ፍቱ።

## ደረጃ 7፦ ሲያስቸግር

አንድ ሕግ ከሁሉ ይቅደም። የሚያፈስ ቦታ በእጅ አይፈለግም። በዚህ ግፊት ከቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ውሃ ጓንትንም ቆዳንም ይበሳል። ቁስሉ ከላይ ነጥብ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ውስጡ ግን ይጎዳል። ከተነካ ሰው አይጠብቅ፣ ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ፤ "ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃ ነው የመታኝ" ብሎ ለሐኪሙ ይናገር። ፍሳሹን በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ በታሰረ ካርቶን ፈልጉ። ንጹሕ እንፋሎት ከቀዳዳው አጠገብ አይታይም፤ የምታዩት ነጭ ጉም ትንሽ ርቆ ነው። ብሎንም ግፊት እያለ አይጠበቅም።

ቀዝቃዛ እያለ ይይዛል፣ ሲሞቅ ያፈሳል። መጀመሪያ የት እንደሆነ ለዩ። ከቫልቭ ዘንግ ከሆነ ፓኪንጉ ቴፍሎን ይሆናል፤ በግራፋይት ቀይሩት ወይም ቫልቩን ከሙቀቱ አርቁት። ከፊቲንግ ከሆነ የአንዱን ፋብሪካ ቀለበት ከሌላው ዳዶ ጋር ቀላቅላችሁ እንደሆነ እዩ። ከዋናው ክዳን ከሆነ የብሎኑን ብረት አረጋግጡ። ክዳኑ ተራ ብረት፣ ብሎኑ ስቴንለስ ከሆነ ብሎኑ ሲሞቅ ከክዳኑ ይበልጥ ይረዝማል፣ ይላላል።

ሲሞቅ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ያፈሳል። ይህ የተገላቢጦሹ ነው፤ ብዙ ሰው ግራ ያጋባል። ሴሉና ክዳኑ ስቴንለስ፣ ብሎኑ ቢ7 ሲሆን፣ በሙቀት ጊዜ ክዳኑ ከብሎኑ ይበልጥ ያብጣል። የተጨበጠው ውፍረት 80 ሚሊ ሜትር ቢሆን ልዩነቱ 0.08 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብሎኑ ላይ እስከ 200 ሜጋ ፓስካል ሊጨምር ይችላል። ብሎኑ ይችለዋል። ግራፋይቱ ግን ይጨመቃል፣ ሲቀዘቅዝም ወደ ቦታው አይመለስም። መፍትሔው ከመጀመሪያው የሙቀት ዙር በኋላ፣ በቀዝቃዛና በዜሮ ግፊት፣ ሁሉንም እንደገና በ50 ኒውተን ሜትር ማጥበቅ ነው። ካልበቃ ረዘም ያለ ብሎን ከወፍራም ቱቦ ሮንዴላ ጋር፣ ወይም የዲስክ ስፕሪንግ ሮንዴላ ግጠሙ።

ግፊቱ ይወርዳል፣ ውሃ ግን የትም አይታይም። ሙቀቱ የተረጋጋ መሆኑን አስቀድሙ። ከዚያ የፓምፑን መዝጊያ ዝጉ። መውረዱ ከቆመ ጥፋተኛው ተመላሽ ከልካዩ ቫልቭ ነው፤ ውሃው ወደ ፓምፑ ታንክ እየተመለሰ ነው። ካልቆመ የመውጫውን ቱቦ ጫፍ ደረቅ ወረቀት ላይ አድርጉ። ቀጥሎ የደኅንነት ቫልቩን መውጫ። ሁሉም ደረቅ ከሆኑ ፍሳሹ ኢንሱሌሽኑ ውስጥ እየተነነ ነው፤ አቀዝቅዛችሁ ኢንሱሌሽኑን አውልቁና ነጭ የጨው ምልክት ወይም እርጥብ ቦታ ፈልጉ።

የደኅንነት ቫልቩ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ያንጠባጥባል። መቀመጫው ላይ ቆሻሻ ገብቷል ወይም ተበልቷል። ስፕሪንጉን አጥብቃችሁ አታስቁሙት። አውጡት፣ አጽዱት፣ በ220 እንደገና አስፈትኑት።

ሙቀቱ ሲጨምር ቁጥሩ ይቀንሳል። የቴርሞካፕሉ ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠዋል። ቀለም ስታዩ ተጠንቀቁ፤ ለኬ ዓይነት በአውሮፓው አሠራር አረንጓዴ ፖዘቲቭ፣ ነጭ ኔጋቲቭ ነው። በአሜሪካው ቢጫ ፖዘቲቭ ሲሆን ቀይ ኔጋቲቭ ነው። ቀይን ፖዘቲቭ ነው ብሎ የሚያስብ ኤሌክትሪሺያን ሁሌ ይገለብጠዋል። ቁጥሩ ትንሽ ብቻ ከተሳሳተ ደግሞ ማስረዘሚያው ተራ የመዳብ ሽቦ እንደሆነ እዩ።

ሙቀት መለኪያው ትክክል መሆኑን ማጣራት። በተፈጨ በረዶና ውሃ ድብልቅ ውስጥ ዜሮ ማንበብ አለበት። በፈላ ውሃ ስትፈትኑት አዲስ አበባ ላይ 92 አካባቢ ያነባል፤ ትክክል ነው። 100 እንዲል ብላችሁ መለኪያውን "ካስተካከላችሁት" 8 ዲግሪ ስሕተት አስገባችሁበት ማለት ነው።

ሴንሰሩ ምንም አያሳይም። ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር የሚሰጥ ከሆነ 4 ማለት ዜሮ ባር ነው፤ 0 ሚሊ አምፔር ግን የተበጠሰ ሽቦ ነው። ሁለቱን አታምታቱ። ጌጁና ሴንሰሩ ከተለያዩ ትልቁን እመኑና አቁሙ።

ሂተሩ ሲበራ ብሬከሩ ይወድቃል። በተለይ ክረምት ላይ፣ ወይም ለወራት ከቆመ በኋላ። ሂተሩ ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት እርጥበት ይስባል። በ500 ቮልት ሜገር (መብራት ወደ አካሉ ማፍሰሱን በሚለካው መሣሪያ) ለኩት። ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ አውጥታችሁ በ120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ጥቂት ሰዓታት አድርቁትና እንደገና ለኩ። ብሬከሩን በትልቅ ቀይራችሁ አትለፉት።

ከልኩ አልፎ ይሞቃል። የፒአይዲ ቁጥሮችን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን ማስተካከያዎች) ከመነካካት በፊት የትኛው ቴርሞካፕል እንደሚቆጣጠር እዩ። በውሃው ቴርሞካፕል ከሆነ ግድግዳው ቀድሞ ሞቆ ቆይቷል፤ ሂተሩ ቢጠፋም ያ ሙቀት ወደ ውስጥ መግባቱን ይቀጥላል። በግድግዳው ተቆጣጠሩ፣ የመጨረሻዎቹን 20 ዲግሪዎች በደቂቃ 1 ዲግሪ ሂዱ።

ክዳኑ ላይ ወይም ከቀዳዳዎቹ አጠገብ ቀጭን መስመር ታየ። ጭረት ነው ብላችሁ አትለፉት። አጽዱት፣ ስንጥቅ ውስጥ የሚገባውን ቀይ የመፈተሻ ቀለም ቀቡት፣ ጠብቃችሁ ጥረጉት፣ ቀለሙን መልሶ የሚያወጣውን ነጩን ንፉበት። ቀይ መስመር ከወጣ ስንጥቅ ነው። አይበየድም፣ አይሞረድም። ሴሉ ከሥራ ይወጣል፤ ማንም አንስቶ እንዳይጠቀምበትም መሐሉ በመጋዝ ይቆረጥ።